ልዕልቲቱና የሳል አዳራሽ

ልዕልቲቱ መንገዱ መሃል ስትጋደም እኛ ስምንታችን ቀጥ ብለን ቆምን። ወንበሩ ትከሻችን ላይ ተንገዳገደ። ላዩ የተቀመጠው ባለ ወንበሩ መጋረጃውን ገለጥ አደረገና፣

«ምን ቆማችሁ? ድንጋይ ነው?» አለ።

«ድንጋይስ አይደለም፣ ክቡርነትዎ» አለ ከፊቴ መሎጊያውን የተሸከመው ጓንጉል። «ልዕልት ናት።»

«ታዲያ ዙሯታ!»

መዞር አይቻልም። መንገዱ የአንድ ወንበር ስፋት ብቻ ነው ያለው። እንዲህ እንዲጠብ ያዘዘው ራሱ ባለ ወንበሩ ነው፤ ሌላ ሰው ወንበር አሠርቶ እንዳይመጣበት።

ልዕልቲቱ ተነሣች። የሐር ቀሚሷን አራገፈች። ወደ ወንበሩ ተጠጋችና አፏን ሳትሸፍን ፊት ለፊቱ አሳለች። አንድ ጊዜ። ጥርት ያለ ደረቅ ሳል።

ጠባቂዎቹ ወደ ጎራዴያቸው እጃቸውን ሰደዱ። ባለ ወንበሩ ግን ፈገግ አለ።

«ምስኪን፣ ብርድ መቷታል። ጋቢ አልብሷት።»

አለበሷት። ያ ጋቢ አሥራ አንደኛዋ ነበር። አሥሩ ከስር ነበሩ።

የዚያን አገር ሥርዓት ለማያውቅ ነገሩ ግራ ነው። በዚያ አገር ሕግ የሚያወጣው ሳል ነው። አዋጅ ሲኖር ወንዶች ሁሉ የሳል አዳራሽ ይገባሉ። ሊቀ ሳል የሚባለው ሹም አዋጁን ያነባል። ከዚያ እንቁላል ይጣዳል። እንቁላሉ እስኪበስል ድረስ የተስማማ ያስላል፣ ያልተስማማ ዝም ይላል። ከወንዶቹ እኩሌታ በላይ ካሳለ አዋጁ ጸና፤ ካላሳለ ወደቀ። ቢጸናም ቢወድቅም እንቁላሉን ሊቀ ሳሉ ይበላዋል። አንድ ሰው «በእንቁላል ፈንታ ባቄላ ቢጣድስ?» ብሎ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ያየው የለም።

ሊቀ ሳሉ ጉሮሮም ይመረምራል። ወንድ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ፊቱ ይቀርባል፣ አፉን ይከፍታል፣ ሊቀ ሳሉ በእንጨት ማንኪያ ምላሱን ተጭኖ ያያል። «አለው» ይላል። በቃ፣ ሰውየው ባለ ሳል ሆነ። ሴት ግን አትቀርብም። ሕጉ «የሴት ሳል ጉንፋን ነው» ይላል።

ባለቤቴ ደብሪቱ አንድ ቀን ሊቀ ሳሉን ገበያ ላይ አገኘችው።

«ጌታዬ፣ የእኛ ጉሮሮ ከወንድ ጉሮሮ በምን ይለያል?» አለችው።

«የሴት ጉሮሮ ተመርምሮ አያውቅም።»

«ለምን አይመረመርም?»

«ሳል ስለሌላችሁ ነዋ።»

«እንደሌለን በምን ታወቀ?»

«ስላልተመረመረ!» አላትና ሽንኩርቱን ገዝቶ ሄደ።

ደብሪቱ ቤት ገብታ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። እኔ ዝም አልኩ።

የወንበር ተሸካሚም ወንድ ነውና ሳል አለው። የእኛ ሳል ግን እንደ ሌላው አይደለም። አዳራሽ ውስጥም ወንበሩ ከትከሻችን አይወርድም። ባለ ወንበሩ በዱላው መሎጊያውን ቋ ካደረገ ስምንታችን እናስላለን። ቋ ካላደረገ ዝም ነው። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ አሳልኩ። ምን እንደተነበበ አላውቅም። ቋ ሲል ብቻ አውቃለሁ።

የልዕልቲቱ ነገር የመጣው በእብቅ ነው። አንድ ዓመት ባለ ወንበሩ አዋጅ አመጣ፦ «የቅርቡ ምንጭ ይታጠር፤ የባለ ወንበሩ ዝዮች ይዋኙበት፤ ሴቶች ውኃ ከሩቁ ወንዝ ይቅዱ።» ሰው ሁሉ ዝም ሊል ተማክሮ ነበር የገባው። ምንጩ የሁሉም ነዋ። እንቁላሉ ተጣደ። ዝም፣ ዝም። ባለ ወንበሩም ነገሩ እንዳልሆነለት አይቶ ዱላውን እንኳ አላነሣም። ኋላ ግን ከአዳራሹ ጎን ካለው አውድማ ነፋስ ተነሣና እብቁን በመስኮት ሞጅሮ አስገባው። አዳራሹ በሳል ተናጋ። እኔም ያለ ቋ አሳልኩ፤ በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጸና!» አለ ሊቀ ሳሉ፣ ዓይኑን እያሸ።

«ኧረ እብቅ ነው!» ብለው ወንዶቹ ጮኹ።

«የወጣ ሳል ወደ ጉሮሮ አይመለስም።»

እንዲህ ሆኖ ምንጩ ለዝይ ተሰጠ። ሴቶቹ በዶሮ ጩኸት ወጥተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንስራቸውን ይዘው ይመለሱ ጀመር። ደብሪቱ ወገቧን ታመመች። ዝዮቹ ወፈሩ።

ልዕልቲቱ የምትኖረው በዚያው መንገድ ዳር ነው። ስሟ ሂማኒ ነው። አባቷ ከባሕር ማዶ ያለ፣ ወንዙ የበዛ አገር ንጉሥ ነበሩ አሉ። የእኛ አገር ሰዎች ሄዱና መንግሥታቸውን ወሰዱባቸው። ዘውዳቸው ላይ የነበረውን ዕንቁም ለንግሥታችን አመጡላቸው። ንግሥቲቱ በዕንቁው ደስ አላቸውና ለንጉሡ ቤት ሰጧቸው። ልዕልቲቱ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ስሟን ያወጡላት ንግሥቲቱ ናቸው፤ አባቷ ሲሞቱም ቤቱን ለእሷ ሰጧት። ውሻ ትወድ ነበር። ቀሚስ ትወድ ነበር። ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበራትም።

አንድ ቀን ውሾቿን ይዛ ስትወጣ እንስራ ያዘሉ ሴቶች በሯ ላይ ዐርፈው አገኘች። ደብሪቱም ነበረች።

«ከየት ነው የምትመጡት?»

«ከወንዝ ነዋ፣ እመቤቴ።»

«ምንጩ እዚህ አጠገባችሁ አይደል?»

«የዝይ ነው።»

«ማን ለዝይ ሰጠው?»

«ሳል።»

«እናንተስ ሳል የላችሁም?»

«ኧረ ሞልቶን!» አለች ደብሪቱ። «የሚቆጥረው ጠፋ እንጂ።»

በማግስቱ ልዕልቲቱ በሯ ላይ ቆመች። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እያየች ታስላለች። ሹም ሲያልፍ ታስላለች። ነጋዴ ሲያልፍ ታስላለች። ቄስ ሲያልፍ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣና ታስላለች። በሳምንቱ አርባ ሴቶች ከጎኗ ቆሙ። በወሩ መንገዱ ሞላ።

ሹሞቹ ተሰብስበው መከሩ። «በአደባባይ የምታስል ሴት በሽተኛ ናትና ትታከም» የሚል አዋጅ ወጣ። ቋ ተባልን፣ አሳልን። ከዚያ ሴቶቹን እያፈሱ ወሰዷቸውና በማር የተለወሰ ተልባ እንደታመመ ከብት በቀንድ ጋቷቸው። ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ። ደብሪቱ በአራተኛው ቀን ስትመለስ ንብ ተከትሏት መጣ።

«አፌ ተጣበቀ» አለችኝ። «አንተ ሳትጋት የተጣበቀብህ!»

ልዕልቲቱን ግን የሚይዛት ጠፋ። ንግሥት ስም ያወጡላትን ማን ይግታል? እሷም ይህ ነው ያናደዳት። ጠባቂዎቹ አርባ ሴት ነድተው ሲሄዱ ከኋላቸው ትሮጣለች።

«እኔስ? እኔም አሳልኩ እኮ!»

«ልዕልት ሆይ፣ የእርስዎ ብርድ ነው።»

«ከእነሱ ጋር እኩል ነው ያሳልኩት!»

«ጋቢ ይደረብልዎት።»

«ጋቢ አልፈልግም! እሰሩኝ!»

«ሁለት ይደረብላት» ይላል አለቃው።

ሌሎቹ ሲጋቱ እሷ በጋቢ ብዛት ክንዷን ማንሣት አቃታት። ወንበሩ ፊት የተጋደመችው ያን ጊዜ ነው። አሥራ አንደኛውን ጋቢ ሲያለብሷት ከውስጥ አንድ ብራና አወጣች።

«ክቡርነትዎ፣ ከንግሥት እጅ ቤት የተቀበለ ሰው በዕድሜው አንድ አዋጅ ለአዳራሽ ማቅረብ ይችላል ይላል ሕጉ» አለችው። «ይኸው አቅርቤአለሁ። የሴት ሳል ይቆጠር።»

ባለ ወንበሩ ወደ ሊቀ ሳሉ ዞረ። ሊቀ ሳሉ ከኋላ በአህያ ነበር የሚከተል።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ሊቀ ሳሉ። «ሕጉ ሲጻፍ ወንድ ይሁን ሴት አላለም። ቤት የምትቀበል ሴት ትኖራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።»

«ቢወድቅባትስ?»

«ቤቱ ይመለሳል። እሷም ከአገር ትወጣለች።»

ባለ ወንበሩ ደስ አለው። «በሉ ለማክሰኞ እንቁላል አዘጋጁ!» አለ። «ልዕልት ሆይ፣ ከወደቀብሽ ወዴት ትሄጃለሽ? የአባትሽ አገር እንደሆነ የእኛ ነው።»

ልዕልቲቱ አሳለችበት።

ማክሰኞ ጠዋት ደብሪቱ ወንዝ አልወረደችም። በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«ዛሬ ምን ልታደርግ ነው?»

ዝም አልኩ።

«ዝምታህን እንደሆነ ሠላሳ ዓመት ሰማሁት። ሌላ ነገር የለህም?»

መሎጊያ የሚያርፍበትን ትከሻዬን አሸት አሸት አደረግሁና ወጣሁ።

ባለ ወንበሩ ብልህ ነው። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሚስቶቻቸው ወንዝ እየወረዱ ራታቸው መሽቶባቸዋል፤ ሊያስሉ ይችላሉ። ስለዚህ አዳራሹ በር ላይ ጋን ሙሉ ማር አስቀመጠ። የሚገባው ወንድ ሁሉ አንድ ጭልፋ ይጎነጫል። «የበዓል ስጦታ ነው» ተባለ። የምን በዓል እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ማር ነዋ። ጉሮሮው ሁሉ ለሰለሰ። እኛ ተሸካሚዎቹ ግን በጓሮ በር ስለምንገባ አልደረሰንም።

«እኛስ?» አለ ጓንጉል።

«ለተሸካሚ ማር ምን ያደርግለታል?» አለው ባለ ወንበሩ። «ዱላዬ አለችላችሁ።»

ገባን። ሴቶቹ ውጭ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ትንፍሽ ካሉ አዋጁ ጨርሶ አይነበብም ተብለዋል፤ ሁሉም አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል። ልዕልቲቱ በር ላይ ቆማለች። ጋቢዎቿን አውልቃ ለሴቶቹ ምንጣፍ አድርጋቸዋለች። ውሻዋ እግሯ ሥር ነው። ጓዟ የታሰረበት ሁለት ሣጥን አጠገቧ አለ። ከወደቀባት ከዚያው እንድትሄድ ታዝዛለች።

ሊቀ ሳሉ አነበበ። «የሴት ሳል ይቆጠር።» እንቁላሉን ጣደ። ባለ ወንበሩ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመው።

ዝም።

ማሩ ሠርቷል። አንዳንዱ ሰው ሊያስል አፉን ይከፍታል፤ የሚወጣው እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ ነገር ነው። «ይኼ አይቆጠርም» ይላል ሊቀ ሳሉ። ሌላው ደረቱን ይደቃል። ምንም የለም። አንዱ ሽማግሌ እስኪያልበው ታገለና ከንፈሩን ላሰ።

ውኃው ተንተከተከ። እንቁላሉ ድስቱን ኳ ኳ ያደርጋል። ሊቀ ሳሉ ቸኩሏል፤ ጨውና በርበሬውን በሣህን አዘጋጅቶ ይቁነጠነጣል። ጎንበስ ብሎ እንቁላሉን አወጣው።

«ሊበስል ምንም አልቀረውም» አለና መላጥ ጀመረ።

በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። ደብሪቱ እያየችኝ ነው። አላፈጠጠችም፣ አልጠቀሰችም። የምታየኝ እንስራ የሚያርፍበትን ድንጋይ እንደሚያዩት ነው።

ዱላው ቋ አላለም።

አሳልኩ።

እብቅ አልነበረም። ጉንፋን አልነበረም። ሆን ብዬ ነው ያሳልኩት። እስከዚያ ቀን ሳሌ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ወፍራም ነው።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለ ወንበሩ በዱላው አናቴን መታኝ። «አልመታሁም እኮ!» አለ።

«አሁን መቱ» አለ ጓንጉል፣ ራሱም አሳለ። «ቋ ብሏል፤ እኔ ሥርዓት አላፈርስም!» ከዚያ ስድስቱ ተሸካሚዎች ተከተሉ። ስምንት ሰው አንድ ላይ ሲያስል ወንበሩ እንደ ታንኳ ይናወጣል። ባለ ወንበሩ መጋረጃውን ሙጥኝ ብሎ ወዲያ ወዲህ ሲል አንዱ ሰው ሳቀ። ከጎኑ ያለውም ሳቀ። ማር በጉሮሮ ይዞ መሳቅ ደግሞ መዘዝ አለው፤ ትን አላቸው። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሦስቱን፣ ከዚያ ረድፉን። እርስ በርስ ጀርባ ይደላለቃሉ፣ ያስላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ያስላሉ። ጉሮሮ ይዘጋል የተባለው ማር ጉሮሮ ሁሉ ከፈተ። ወንበሩ ዘመመና ባለ ወንበሩ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«አይቆጠርም!» ብሎ ጮኸ ከወለሉ ላይ። «ትንታ ነው! ሊቀ ሳል፣ አይቆጠርም በል!»

ሊቀ ሳሉ ሊል ነበር። አፉ ውስጥ ግን ግማሽ እንቁላል ነበር። አስኳሉ ገና ትኩስ ነው። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ ቀላ፣ አንገቱን አሰገገ። ኋላ እንዲህ ያለ ሳል አሳለ፣ እንዲህ ያለ ሳል አሳለ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የንግሥቲቱ ሥዕል ወደቀ። እንቁላሉም ተፈናጥሮ ባለ ወንበሩ ግንባር ላይ አረፈ።



«ሊቀ ሳል ያሳለው ምንድን ነው?» አለች ልዕልቲቱ ከበር ሆና። «ጉንፋን ነው?»

ሊቀ ሳሉ እንባውን ጠረገ። ሊቀ ሳል ጉንፋን ያዘው ከተባለ ሹመቱ ይቀራል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

«ሕግ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ። «ጸና።»

ያን ጊዜ ውጭ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡ። የታመቀ የዓመት ሳል ነበር። ዝዮቹ ከምንጩ በርረው ሸሹ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

ሹም ግን ሹም ነው። ሳምንት ሳይሞላ ባለ ወንበሩና ሊቀ ሳሉ በአዋጁ ሥር አንዳንድ ነገር ጻፉበት። ሴት ሠላሳ ዓመት ይሙላት ተባለ፤ የወንድ ጉሮሮ በሃያ ቢደርስም የሴት ዘግይቶ ነው የሚበስል አሉ። ሳሏም ከግቢው ወዲያ ማዶ ይሰማ ተባለ። በዚህ የወደቀች የለችም። የመጨረሻው መስመር ግን «ጉሮሮዋ የአገር ይሁን» ይላል።

ሴቶቹ ለመመርመር በተሰለፉ ዕለት ልዕልቲቱ ከፊት ነበረች። ሊቀ ሳሉ በማንኪያው ምላሷን ተጫነ። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ጉሮሮው መልካም ነው» አለ። «የባሕር ማዶ ነው እንጂ።»

«የተወለድኩት እዚሁ ነው» አለች።

«ልዕልት ሆይ፣ እርስዎ እዚህ ተወልደዋል። ጉሮሮ ግን የአባት ነው።»

ደብሪቱ ከኋላዋ ነበረች። «የአባቷ ዕንቁ የአገር ሲሆን የአባቷ ጉሮሮ እንዴት የባሕር ማዶ ሆነ?» ብላ አፋጠጠችው።

ሊቀ ሳሉ ማንኪያውን ጠረገ። «ቀጥሎ!» አለ።

ደብሪቱ «አላት» ተባለች። ሴቶቹ የገቡበት የመጀመሪያው አዋጅ የምንጩ አጥር ይነሣ የሚል ነበር። የእንቁላሉ ውኃ ሳይሞቅ ጸና። እኔ ያን ቀን ዘግይቼ ስለደረስኩ ውጭ ነበርኩ። ከወንበሩ ተባርሬአለሁ፤ ባዶ ትከሻ ይዤ መሄድ ገና አልለመድኩም ነበር፣ አንድ ጎኔ ይቀለኛል። ልዕልቲቱ አጥሩ ጥግ ካለው ግንድ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ከውስጥ የሚመጣውን የሴቶች ሳል ታዳምጣለች። ውሻዋ ተኝቷል። እያንዳንዱ ሳል ሲሰማ ጣቷን ታጥፋለች። ጣቷ ሲያልቅባት እንደገና ትጀምራለች።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ቆብ ነበረኝ፣ አወለቅሁት።

«እመቤቴ» አልኩ፣ «እኔ ሳል አለኝ። አሁን ቋ የሚያደርግበት የለም። አዋጅ ሲኖር የሚፈልጉትን ቢነግሩኝ፣ ገብቼ ላስልልዎት?»

በዕድሜዬ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ልዕልቲቱ ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ጥሩ ነው። ቀጥላ ከግንዱ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ የውሻውን ገመድ ጠቀለለች።

«አይ አባቴ» አለችኝ። «ሌላ ሰው እንዲያስልልኝማ ብፈልግ ኖሮ፣ መጀመሪያስ ከቤቴ ምን አወጣኝ?»